ሳሳኪ ለማሪነርስ የዝና አዳራሽ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ከሬኒየር_ሸለቆ፦

ኢቺሮ ሱዙኪ በ2025 ኩፐርስታውን ወደሚገኘው ብሔራዊ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገባ፤ ክለባችን የሲያትል ማሪነርስም በዚያው ነሐሴ ወር የማሊያ ቁጥሩን፣ 51ን፣ ሌላ እንዳይለብሰው ለክብሩ ሰቀለለት። ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የከነከነኝ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ከጃፓን ወደ ሲያትል የመጣው ሰው ጉዳይ ነው። የወርዋሪው የካዙሂሮ ሳሳኪ ስም በማሪነርስ በራሱ የዝና አዳራሽ ውስጥ የለም። መኖር ነበረበት ብዬ ስለማምን እንወያይበት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሳሳኪ በ2000 ሲያትል ሲደርስ 32 ዓመቱ ነበር። በዮኮሃማ ቤይስታርስ 229 ሴቭ አስመዝግቧል፤ በ1998 ክለቡ ከ1960 ወዲህ አይቶት የማያውቀውን የጃፓን ዋንጫ ሲያነሳ የጨዋታዎቹ ዘጊ እርሱ ነበር፤ በ1999 ደግሞ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ብዙ ሰው አበቃለት ባለበት ጊዜ መጥቶ በመጀመሪያ ዓመቱ 37 ሴቭ አስመዘገበ። ይህ በዚያን ጊዜ ለአዲስ ተጫዋች የሊጉ ክብረ ወሰን ነበር፤ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። በ2001 45፣ በ2002 እንደገና 37፣ በ2003 ተጎድቶ ከሜዳ እየራቀ 10 ጨመረ። ድምሩ 129 ነው። እርሱ ከሄደ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ 2025 ውድድር ዘመን መጨረሻ ድረስ በማሪነርስ ማሊያ ይህን ቁጥር የደረሰበት የለም። ኤድዊን ዲያዝ በ2018 በአንድ ዓመት ብቻ 57 ሴቭ አስመዝግቦ እንኳ ሲያትልን ሲለቅ 109 ላይ ነበር የቆመው።

አንድ ስሌት ደግሞ ልጨምር። ማሪነርስ በ2000 91፣ በ2001 116፣ በ2002 93 ጨዋታ አሸነፈ። ሦስቱ ሲደመሩ ድፍን 300 ናቸው። ከእነዚህ 300 ድሎች 119ኙን የዘጋው አንድ ሰው ነው። በክለቡ ታሪክ ከዚያ የተሻለ ሦስት ዓመት ያለው ዘጊ አሳዩኝ።

ስሌት_ይቅደም፦

ሳሳኪን የሚጠላ የማሪነርስ ደጋፊ አላውቅም፤ እኔም አልጠላውም። ቢሆንም መልሴ አይገባውም ነው።

መጀመሪያ ደንቡን እንመልከት። የማሪነርስ የዝና አዳራሽ አንድ ተጫዋች ቢያንስ አምስት ዓመት በክለቡ ማሊያ እንዲጫወት ይጠይቃል። ሳሳኪ የተጫወተው አራት ነው። ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ባይኖርም ሐሳቤ አይለወጥም።

በአራት ዓመት የወረወረው 223 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ከትንሽ ትርፍ ጋር ነው። ፌሊክስ ኸርናንዴዝ በ2010 ብቻውን፣ በአንድ ዓመት፣ ከ249 ኢኒንግ በላይ ወርውሯል። የሳሳኪ የሲያትል ዘመን በሙሉ የፌሊክስን አንድ ዓመት አያህልም። በጥራት እንይ ከተባለም በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 3.14 ነጥብ ሰጥቷል። ጥሩ ነው፤ ለአንድ ኢኒንግ ብቻ ለሚገባ ዘጊ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። 116 ጨዋታ ባሸነፍንበት በ2001 የሳሳኪ አማካይ 3.24 ነበር። በዚያው ዓመት ከእርሱ ቀድሞ በሰባተኛውና በስምንተኛው ኢኒንግ ይገባ የነበረው አርተር ሮድስ 1.72 ነው፤ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ስምንት አሸንፏል። ስለ ሮድስ ውይይት የከፈተ ሰው አለ? የለም። ሴቭ የሚባለው ቁጥር ለሳሳኪ ስለተጻፈ ብቻ ነው ስለ እርሱ የምናወራው።

ከዱባይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ሲያትል ስለሚኖር ጨዋታውን በስልክ እያሳየኝ መከታተል ጀምሬአለሁ፤ ደንቡን ገና እየተማርኩ ነው። ሴቭ የሚባለው ምንድን ነው? ዘጊውስ ከሌላው ወርዋሪ በምን ይለያል?

የኮሎምቢያ_ሲቲዋ፦

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። ጨዋታውን የሚከፍተው ወርዋሪ አምስት፣ ስድስት፣ ሲበረታም ሰባት ኢኒንግ ይወረውራል፤ ሲደክም ተቀያሪዎች ይተኩታል። ቡድኑ እየመራ ዘጠነኛው ላይ ከደረሰ የመጨረሻዎቹን ሦስት መቺዎች እንዲያስወጣ የሚላከው ዘጊ ይባላል። ሲገባ ቡድኑ የሚመራው ከሦስት ባልበለጠ ነጥብ ከሆነና አንድ ሙሉ ኢኒንግ ወርውሮ ድሉን ካስጠበቀ ሴቭ ይመዘገብለታል። ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ ዋናው ግን ይህ ነው። ከ1969 ጀምሮ በይፋ የሚቆጠር ነው።

ሳሳኪ በዋናነት ይተማመን የነበረው ፎርክቦል በሚባል ውርወራ ላይ ነበር። ኳሷን በሁለት ጣት መካከል አጥብቆ ይይዛታል፤ ስትመጣ እንደ ቀጥተኛ ኳስ ትመስላለች፤ መቺው ዱላውን ከሰነዘረ በኋላ ድንገት ወደ መሬት ትወርዳለች። በ223 ኢኒንግ 242 መቺ በባዶ እጁ መልሷል። ስለዚህ ስሌት_ይቅደም፣ አማካዩን ብቻ ነግረው ይህን መተው ተገቢ አይመስለኝም።

የድሮው_ኪንግዶም፦

ልጆች፣ እኔ በእነዚያ ዓመታት ከስታዲየሙ በስተደቡብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። አሮጌውን ስታዲየም፣ ኪንግዶምን፣ በመጋቢት 2000 በፈንጂ ሲያፈርሱትም በዓይኔ አይቻለሁ፤ አቧራው ለቀናት ከመኪና ላይ አልለቀቀም። ሳሳኪ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ነው።

ጨዋታው ውስጥ ገብቼ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ውጤቱን የማውቀው ቀድመው ወጥተው መኪናቸውን ሊወስዱ ከሚመጡ ሰዎች ነበር። በ2000 እና በ2001 ክረምት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ብቻ እየመራ፣ ጨዋታው ገና ሳያልቅ፣ ሰዉ ቁልፉን እያንጠለጠለ ይመጣል። «እንዴት ሆነ?» ስላቸው «ሳሳኪ ገብቷል» ብለው ይሄዳሉ። ያሸነፉ ያህል ነው የሚነግሩኝ። ከእርሱ በፊት በነበሩት ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ያኔ ሰዉ እስከ መጨረሻዋ ኳስ ተጨንቆ ነበር የሚቆየው፤ የማሪነርስ ተቀያሪ ወርዋሪዎች የሰውን ልብ ያቆሙ ነበርና። አማካይ ቁጥር ይህን አይነግራችሁም።

ታኮማ_253፦

ጋሼ፣ ትዝታዎን አከብራለሁ። እኔ ግን የማልረሳው ሌላ ቀን ነው። ጥቅምት 21 ቀን 2001፣ ኒው ዮርክ፣ የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ። በተሸነፉ ጨዋታዎች ሳይሆን ባሸነፉት ብዛት ያንኪስ 2 ለ 1 ይመራናል። ብሬት ቡን በስምንተኛው ኢኒንግ ሆም ረን (አጥር የሚያልፍ ምት) መትቶ 1 ለ 0 መራን፤ በርኒ ዊሊያምስ ወዲያው ከሮድስ ላይ አቻ አደረገ። በዘጠነኛው ሳሳኪ ገባ። ስኮት ብሮሽየስ አንደኛ ቤዝ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ አልፎንሶ ሶሪያኖ የተባለው ገና ጀማሪ ልጅ ኳሷን በቀኝ መሐል አጥር በላይ ሰደዳት። 3 ለ 1 አለቀ። በማግስቱ 12 ለ 3 ተሸነፍንና 116 ያሸነፈው ቡድን ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ፕሌይኦፍ (የዋንጫ ማጣሪያ) ለመድረስ እስከ 2022 ጠበቅን። ዘጊ የሚቀጠረው ለዚያች ምሽት ነው። በዚያች ምሽት አልዘጋም። ይህን ይዞ በምን አፉ የዝና አዳራሽ ይባላል?

የኮሎምቢያ_ሲቲዋ፦

ታኮማ_253፣ ያንን ሽንፈት እኔም ቤቴ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ግን ከዚያች ምሽት ልክ ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። ኅዳር 4 ቀን 2001፣ የቤዝቦሉ የዓለም ዋንጫ (ወርልድ ሲሪስ) ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ፣ አሪዞና ላይ። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ያንኪስ 2 ለ 1 እየመራ፣ ዘጊያቸው ማሪያኖ ሪቬራ ቆሞ ነበር። ሪቬራ! ሁለት ነጥብ ሰጠ፤ ሉዊስ ጎንዛሌዝ የመጨረሻዋን መትቶ ዋንጫው ከኒው ዮርክ እጅ ወጣ። ያ ሰው በ2019 አንድም ድምፅ ሳይጎድልበት ኩፐርስታውን የገባ ብቸኛው ተጫዋች ነው። ሳሳኪን ከሪቬራ ጋር አላስተካክልም፤ ማንም አይስተካከለውም። ዘጊን በአንዲት መጥፎ ምሽት ከለካነው ግን ከሁሉም የሚተርፍ አይኖርም ማለቴ ነው። ደግሞ ሳሳኪ ሲገባ ጨዋታው አቻ ነበር፤ የሚያስጠብቀው መሪነት አልተሰጠውም።

ከዱባይ፦

ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ እህቴ። አሁን ሲገባኝ አንድ ነገር ታሰበኝ። ሳሳኪ በሲያትል የጀመረበት ዓመት 2000 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። 25 ዙር ሮጠው የተለያዩት በመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ነው። ያንን ውድድር ያየ ኢትዮጵያዊ መጨረሻው ከሌላው ዙር ሁሉ እንደሚከብድ ያውቃል። ስለዚህ «አንድ ኢኒንግ ብቻ ነው የሚወረውረው» የሚለው ክርክር ለእኔ ብዙም አይጥመኝም።

ስሌት_ይቅደም፦

ከዱባይ፣ ምሳሌው ልብ ይነካል፤ ግን ለእኔ ወገን ነው የሚመሰክረው። ኃይሌ 24ቱን ዙር ራሱ ሮጦ ነው 25ኛውን የሮጠው፤ ደክሞ ነው ያሸነፈው። ሳሳኪ ሌሎች 24 ዙር ከሮጡለት በኋላ ትኩስ እግር ይዞ የሚገባ ሰው ነው። ፍሬዲ ጋርሺያ ስምንት ኢኒንግ ለፍቶ ወርውሮ ሲወጣ ሴቭ የሚመዘገበው ለሌላ ነው። ሦስት ነጥብ ቀድሞ ገብቶ ሁለት ነጥብ ሰጥቶ ቢወጣ እንኳ ሴቩ ይቆጠርለታል። 129 የሚለው ቁጥር ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀላል ምሽቶችም እንዳሉ አንርሳ።

የማሪነርስ የዝና አዳራሽ በ1997 በአልቪን ዴቪስ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የገቡትን እዩ፦ ቡነር፣ ኤድጋር፣ ዳን ዊልሰን፣ ራንዲ ጆንሰን፣ ግሪፊ፣ ሞየር፣ ኢቺሮ፣ በ2023 ደግሞ ፌሊክስ። እነዚህ ሰዎች ዘመናቸውን የሰጡ ናቸው። ፌሊክስ 15 ዓመት ወርውሮ አንድም ቀን ፕሌይኦፍ ሳይደርስ እዚሁ አርጅቷል። በዚያ ሰው ስም አጠገብ የአራት ዓመት ሰው ማቆም ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከሬኒየር_ሸለቆ፦

ስሌት_ይቅደም፣ ከዘረዘሩት ስም ውስጥ አንዱን ልውሰድ። ኤድጋር ማርቲኔዝ። ኤድጋርን ኩፐርስታውን ለማስገባት ይህች ከተማ አሥር ዓመት ስትሟገት ምን ነበር የሚመልሱልን? «ዱላ ይዞ ይመታል እንጂ ሜዳ ላይ አይቆምም፤ የጨዋታውን ግማሽ ብቻ ነው የሚጫወተው» ነበር። እኛስ ምን አልን? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው፤ የተሰጠውን ሥራ ከሁሉ በላይ የሠራ ሰው በዚያው ሥራ ይመዘን አልን። በመጨረሻው ዕድሉ፣ በ2019፣ ገባ። ስታዲየሙ አጠገብ ያለው መንገድ እንኳ በስሙ ነው የሚጠራው። ያኔ ለኤድጋር ያልነውን ዛሬ ለዘጊ መንፈግ አግባብ አይደለም። ኩፐርስታውን ራሱ በ2025 ከኢቺሮ ጋር ዘጊውን ቢሊ ዋግነርን አስገብቷል፤ ዋግነር በሙሉ ዘመኑ የወረወረው 903 ኢኒንግ ነው። የእኛ አዳራሽ ግን አሁንም ከተቀያሪ ወርዋሪ አንድም የለውም።

ሌላው ነጥብ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ነው። ክለቡ ከ1992 ጀምሮ ዋና ባለቤቱ የኒንቴንዶው ሂሮሺ ያማውቺ ነበሩ። ከጃፓን ሊግ ታላቅ ስም ይዞ መጥቶ በሲያትል የተሳካለት የመጀመሪያው ተጫዋች ግን ሳሳኪ ነው። በማግስቱ ዓመት ኢቺሮ መጣ፤ ከዚያ ሃሴጋዋ፣ ጆጂማ፣ ኢዋኩማ፣ ኪኩቺ። ኢዋኩማ በ2015 አንድም ሂት (ቤዝ የሚያስደርስ ምት) ሳይሰጥ ጨዋታ ጨርሷል። ይህ ሁሉ የክለቡ ማንነት ሆኗል፤ የመጀመሪያው ሰው ግን በግድግዳው ላይ የለም። ጃፓኖች በ2014 በራሳቸው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ አስገብተውታል።

ታኮማ_253፦

ጥሎን የሄደበትንስ ነገር ለምን ታልፉታላችሁ? በጥር 2004፣ ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የውድድር ዕረፍቱ ተጋምሶ ክለቦች ቡድናቸውን ከሠሩ በኋላ «ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 99 ጨዋታ ተሸነፈ።

የድሮው_ኪንግዶም፦

ታኮማ፣ ልጄ፣ 99ኙን ሽንፈት በእርሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። ክለቡ ታኅሣሥ ላይ ኤዲ ጓርዳዶን አስፈርሞ ነበር፤ ዘጊ አልጎደለበትም። ያ ቡድን የወደቀው አርጅቶ ነው፤ ኤድጋርም በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ወጣ። ሳሳኪ የተወው ደግሞ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዝ ነው። ቁጭ ብሎ፣ ታመምኩ እያለም ቢሆን፣ ሊበላው የሚችለውን ገንዘብ ለክለቡ ትቶለት ነው የሄደው። ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር መኖር እፈልጋለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ከዱባይ፦

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ከልጆቼ ርቄ ነው የምሠራው። ስልኩ ላይ ሲያድጉ ነው የማያቸው። ገንዘቡ ባያስገድደኝ ነገ እሄድ ነበር። ገንዘቡ የማያስገድደው ሰው ስምንት ሚሊዮን ትቶ ወደ ልጆቹ ሲሄድ «ጥሎን ሄደ» ልለው አልችልም። ለክብር አዳራሹ ይብቃ አይብቃ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይህን ግን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት።

የኮሎምቢያ_ሲቲዋ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ከልጆችህ ጋር ያገናኝህ። ደግሞ የተናገርከው ነገር አንድ ሐሳብ ከፈተልኝ። ስሌት_ይቅደም የጠቀሱት ደንብ አምስት ዓመት ይላል። ሳሳኪ የተጫወተው 2000፣ 2001፣ 2002 እና 2003 ነው። ትቶት የሄደው የ2004 ውል አምስተኛው ዓመት ነበር! ያንን ዓመት አሥር ጨዋታ ብቻ ወርውሮም ቢሆን ደመወዙን ቢበላ ኖሮ ዛሬ ደንቡን ያሟላ ነበር። ለክለቡ ገንዘቡን ስለተወ ከክለቡ ክብር ደጅ ቀረ ማለት ነው። ይህ ፍትሕ ነው? ደንቡን ሰው ነው የጻፈው፤ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። «አምስት ዓመት የተጫወተ፣ ወይም የክለቡን የዘመን (የሁሉም ዓመታት ድምር) ክብረ ወሰን የያዘ» ቢባል ማንን ይጎዳል?

ስሌት_ይቅደም፦

የአምስተኛውን ዓመት ነገር በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር፤ ጠንካራ ነጥብ ነው። ቤተሰቡን መምረጡንም በጥፋት አልቆጥርበትም። ታኮማ_253 በዚህ ረገድ የተሳሳቱ ይመስለኛል።

ነገር ግን ከተቀያሪ ወርዋሪ ማን ይቅደም ከተባለ ጄፍ ኔልሰን አለ። በማሪነርስ ማሊያ ከ400 በላይ ጨዋታ ገብቷል፤ ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ በደረሰበት በ1995 አማካዩ 2.17 ነበር፤ በ2001ም ተመልሶ ከዚያው ታላቅ ቡድን ጋር ነበር። ደንቡንም ያሟላል። የሴቭ ቁጥር ስለሌለው ብቻ ነው የተረሳው፤ አዲስ ደንብ ሳይጻፍ ዛሬውኑ መግባት የሚችል ሰው ነው።

ከሬኒየር_ሸለቆ፦

በኔልሰን ከልቤ እስማማለሁ። በተከታታይ ሦስት ዓመት በክለቡ ታሪክ ምርጥ ቡድኖች የመጨረሻውን ኢኒንግ የያዘ ሰው ግን በኔልሰን አይተካም። የክለቡን የዘመን ክብረ ወሰን በአራት ዓመት ብቻ የያዘ ሌላ ተጫዋች ካለ ይጥቀሱልኝና ደንቡ ቢሻሻል ማን ማን ተከትሎ እንደሚገባ እንይ። እኔ ስፈልግ ከሳሳኪ ሌላ አላገኘሁም።

የድሮው_ኪንግዶም፦

ራንዲ ጆንሰንና ዳን ዊልሰን በ2012 በአንድ ቀን ነው የገቡት፤ ወርዋሪውና ኳስ ያዢው አብረው። ኔልሰንና ሳሳኪም እንዲሁ በአንድ ቀን ይግቡ። በ2001 አንዱ መንገዱን ይጠርግ ነበር፣ ሌላው ይዘጋ ነበር። ለሁለቱም ድምፄን ሰጥቻለሁ።

ስሌት_ይቅደም፦

ጋሼ፣ ለኔልሰን ድምፄ ከእርስዎ ጋር ነው። ለሳሳኪ ግን አሁንም አልሰጥም። 223 ኢኒንግ ለእኔ ያንሳል።